ሁለት ኪሎ ተኩል ያልሞሉት

ከአዲ አርቃይ ጎንደር ለመድረስ ሊማሊሞን መውጣት ግድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ ያበጀው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ከቆላው ሙቀት አንሥቶ ደባርቅ ብርድ ላይ ያወጣል። ከደባርቅ ጎንደር ደግሞ ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሾፌር መሪውን፣ ቱሪስት ገደሉን ያያል። ሪፈር ተብላ በአምቡላንስ የምትጓዝ አራስ ግን ዓይኗ ከእቅፏ አይነሣም። ይተነፍሳል? እግሩ ቀዝቅዟል? ከንፈሩ ጠቁሯል?

ልጁ ያለ ቀኑ የመጣ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ያልሞላ ከሆነ ዕድሉ የሚወሰነው ጎንደር በሚጠብቁት ማሽኖች ብቻ አይደለም። ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ የተደረገለትም ያልተደረገለትም፣ ከዚያም በፊት እናቱ ያሳለፈችው እርግዝና አብሮት የሆስፒታሉን በር ያልፋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች እንዲህ ያሉ ልጆች ለምን እንደሚሞቱ ሲመረምሩ ከግራሙ ጀርባ ደጋግመው ያገኙት ትንፋሽን፣ ኢንፌክሽንንና ብርድን ነው። ሦስቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው መላ ያላቸው ናቸው።

ሚዛኑ የሚናገረው፣ የማይናገረውም

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ሲወለድ 2,500 ግራም ያልሞላ ሕፃን ዝቅተኛ የልደት ክብደት ካላቸው ይመደባል። ከ1,500 ግራም በታች ያለው «በጣም ዝቅተኛ»፣ ከ1,000 ግራም በታች ያለው ደግሞ «እጅግ በጣም ዝቅተኛ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከተወለዱት 100 ሕፃናት 15ቱ ያህሉ ከ2,500 ግራም በታች ነበሩ፤ ሲደመሩ ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ሆኖም ሚዛኑ ሁለት የተለያዩ ልጆችን በአንድ ቁጥር ሊያስቀምጥ ይችላል። አንዱ 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ነው። ሳንባው አልበሰለም፤ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምረው በ34 ሳምንቱ ግድም ስለሆነ ጡት ቢሰጡትም ላይስብ ይችላል። ሌላው ቀኑን ጨርሶ የተወለደ፣ ነገር ግን ማኅፀን ውስጥ ሳለ ምግብ ያጠረው ነው። ሳንባው ደርሷል፤ ይሁን እንጂ ከቆዳው ሥር ስብ የለም፣ የደሙ ስኳርም ቶሎ ይወርዳል። ሁለቱም 1,900 ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ፤ የሚያሰጋቸው ግን አንድ አይደለም። ሁለቱም ችግር የተደራረበበት ልጅ ደግሞ አለ። ሐኪሞች «ስንት መዘነ?» ካሉ በኋላ «በስንት ሳምንቱ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ ገጠር ውስጥ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን በወረቀት አይዙም፤ የሚቆጥሩት ከጥምቀት በኋላ፣ ከፍልሰታ በፊት እያሉ በበዓልና በጾም ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት አልትራሳውንድ ካልተነሡ ልጁ ስንት ሳምንት እንደሆነው የሚታወቀው በግምት ነው። ግምቱ ሲሳሳት የሚሰጠው ሕክምናም አብሮ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ጥያቄም ቢሆን ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረውም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት 86 በመቶው ሲወለዱ እንዳልተመዘኑ አሳይቷል። ከተመዘኑት ውስጥ 13 በመቶው 2,500 ግራም አልሞሉም። ያልተመዘኑት አብዛኞቹ ቤት ውስጥ የተወለዱ ናቸውና የትንንሾቹ ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ሞታቸውም እንደዚሁ ሳይቆጠር ያልፋል። በደጋው አማራ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ በፊት የሄደ ልጅ ብዙ ጊዜ ድንኳን አይጣልለትም፤ እድርም ለቅሶ አይጠራም። እናቲቱ ሐዘኗን በጓዳዋ ትይዛለች፣ ልጁም ከልደት መዝገብም ከሞት መዝገብም ሳይገባ ይቀራል።

አገሪቱ በሕፃናት ጤና ብዙ ርቀት ሄዳለች። በ1992 ዓ.ም. ዳሰሳ መሠረት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወረደ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ደግሞ በተመሳሳይ ጊዜ ከ49 ወደ 29 ቀነሱ። መውረዱስ ወረደ፤ ነገር ግን እንደ ታላላቆቻቸው አልፈጠነም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ጭራሽ 33 ሆኖ አገኘው። ክትባት፣ የወባ መድኃኒትና የአልሚ ምግብ ፕሮግራም የዓመት ልጅን ያድናሉ፤ በተወለደ በሦስት ሰዓቱ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

አምስት ሆስፒታሎች፣ አራት ሺሕ ዘጠኝ መቶ ልጆች

ለዚህ «ሌላ» መልስ ለመፈለግ በኢትዮጵያ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁን ቦታ የያዘው ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. የተካሄደው ጥናት ነው። የመሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪሙ ዶ/ር ሉሉ ሙሄ ሲሆኑ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ጅማና ጎንደር ሆስፒታሎች ተሳትፈውበታል። ጎንደር በዚህ ዝርዝር መግባቱ ከደባርቅም ከአዲ አርቃይም ሪፈር የሚባሉት ልጆች የሚያርፉት እዚያው ስለሆነ ለሰሜን ጎንደር ሰው የቅርብ ነገር ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኖ ለአካባቢው ሁሉ የመጨረሻው የሕክምና ደረጃ ነው።

በጥናቱ 4,919 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ተመዘገቡ። ከነዚህ 3,852ቱ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል፣ በባለሙያዎቹ አጠራር «ኒኩ»፣ ገቡ። በ28 ቀናት ውስጥ 1,109ኙ ሞቱ፤ ከገቡት 29 በመቶ መሆኑ ነው። ወላጆች በፈቀዱባቸው ላይ የአስከሬን ምርመራ ጭምር ተደርጎ የሞታቸው ዋና ምክንያት ተለየ። ሳንባ ካለመብሰሉ የመጣ የትንፋሽ ችግር 45 በመቶውን፣ ኢንፌክሽን 30 በመቶውን፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን 14 በመቶውን ወስዷል።

ከነዚህ ጎን ለጎን አንድ ሌላ ቁጥር አለ። ከሞቱት 1,109 ልጆች በ770ው፣ ማለትም በ69 በመቶው፣ የሰውነት ቅዝቃዜ አባሪ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ሲበርደው ያለችውን ጉልበት ለሙቀት ያውላል፤ ኦክስጅንና ስኳር ይጨርሳል፤ ትንፋሹም ይብስበታል። ኢንፌክሽን የያዘውም እንዲሁ ነው። ብርድ ስሙ በሞት የምስክር ወረቀት ላይ ከላይ አይጻፍም እንጂ ሌሎቹን ሁሉ ያግዛል።

የፕሬዚዳንቱ ልጅና የውኃው ጠርሙስ

የሳንባ አለመብሰል የድሃ አገር በሽታ ሆኖ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነበር። የዓለም ምርጥ የተባሉ ሐኪሞች ቦስተን ላይ ተረባርበውበት በ39 ሰዓቱ ሞተ። ያን ጊዜ ለበሽታው መድኃኒትም ማሽንም አልነበረም። ዛሬ በዚያ ክብደትና በዚያ ሳምንት የተወለደ ልጅ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ውስጥ በሕይወት ይወጣል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነው።

ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አየር ከወጣ በኋላ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ አንድ ቅባት መሰል ፈሳሽ አለ። ሰውነት በበቂ መጠን የሚያመርተው በእርግዝና የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የተጣበቁትን ከረጢቶች እንደ አዲስ መክፈት አለበት። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫው ይከፈታል፣ ባወጣ ቁጥር ያቃስታል። እንዲህ እየለፋ ሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያ ይደክመዋል።

ሀብታም አገሮች ፈሳሹን በመድኃኒት መልክ በቱቦ ወደ ሳንባ ይሰጣሉ፤ ዋጋው ውድ ነው። በኢትዮጵያ ክፍሎች በብዛት የሚታየው ግን ቀላሉ ዘዴ ነው። ኦክስጅን በቀጭን ቱቦ ወደ ልጁ አፍንጫ ይገባል፤ የሚያስወጣው ቱቦ ጫፍ ደግሞ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀመጣል። ልጁ ተንፍሶ የሚያወጣው አየር ውኃውን ገፍቶ መውጣት ስላለበት ሳንባው ውስጥ ትንሽ ግፊት ይቀራል፣ ከረጢቶቹም ሙሉ በሙሉ አይጣበቁም። ባለሙያዎቹ «ሲፓፕ» ይሉታል። ነርሷ ከሩቅ የምትከታተለው አረፋውን ነው። ውኃው ሲፈላ ከታየ መሣሪያው ይሠራል። አረፋው ካቆመ ወይ ቱቦው ከአፍንጫው ወጥቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ሮጣ ትደርሳለች። አንድ ነርስ ለብዙ አልጋ በተመደበችበት ሌሊት ይህችን አረፋ የሚያይ ዓይን መኖሩ ራሱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ለሳንባው ከመወለዱ በፊትም የሚደረግ ነገር አለ። ምጥ ቀድሞ የመጣባት ወይም በደም ግፊት ምክንያት ቶሎ መውለድ ያለባት እናት ከ34 ሳምንት በታች ከሆነች ዴክሳሜታሶን የተባለ መርፌ 6 ሚሊ ግራም፣ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ትወጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን 2,852 እናቶች ላይ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት መርፌውን ካገኙት እናቶች የተወለዱ ጨቅላዎች ሞት 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 23.5 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ የእርግዝናው ሳምንት መታወቅ፣ እናቲቱ ኢንፌክሽን የሌለባት መሆኗና ልጁ ሲወለድ በቂ እንክብካቤ ማግኘቱ ቅድመ ሁኔታዎቹ ናቸው። በበዓል የተቆጠረ እርግዝና እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ደረት ላይ ያለ ሙቀት

እርጥብ ሆኖ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 ደቂቃዎች ብቻ የሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጤናማው ልክ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ትንሽ ልጅ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው ሰፊ ነው፤ ስብ የለውም፤ መንቀጥቀጥም አይችልም። በአሜሪካ በጣም ዝቅተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ልጁ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ባነሰ ቁጥር የመሞት አደጋው በ28 በመቶ እንደሚጨምር አስልቷል።

ቶሎ ማድረቅ፣ ኮፍያ ማልበስ፣ ለ24 ሰዓት አለማጠብ፣ ክፍሉን ከንፋስ መከለል ሁሉም ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጋፋቸው ልማድ ነው። ልጅ እንደተወለደ በውኃ ማጠብ ንጽሕና ተደርጎ በሚታይበት ቤት፣ በደባርቅ ወይም በዳባት ብርድ፣ ያቺ የመጀመሪያ እጥበት 1,800 ግራም ለሚመዝን ልጅ ከሁሉ የከፋች ሰዓት ልትሆን ትችላለች።

ኢንኩቤተር መፍትሔ ይመስላል፤ ነውም። ግን መብራት ይፈልጋል፣ ጥገና ይፈልጋል፣ ሁለት ሦስት ልጅ ከተኛበት ደግሞ ጀርም ያዛምታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ዶ/ር ኤድጋር ሬይ የገጠማቸው ይኸው ነበር። ኢንኩቤተሩ አላዳረሰም፣ ኢንፌክሽን በዛ፣ እናቶች ከልጆቻቸው ተለያይተው ብዙዎቹ ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። ዶክተሩ ልጆቹን ከኢንኩቤተር አውጥተው በእናቶቻቸው ደረት ላይ አሰሯቸው። ዘዴው ልጇን በኪሷ ይዛ ከምታሳድገው እንስሳ «ካንጋሮ» የሚል ስም አገኘ።

ኢትዮጵያም ዘዴውን በጥናት ፈትናለች። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ዶ/ር አስራት ካሤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ክብደታቸው ከ2,000 ግራም በታች የሆኑ 123 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 62ቱ ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በእናቶቻቸው ደረት ላይ ታሰሩ፤ 61ዱ የተለመደውን እንክብካቤ አገኙ። ከመጀመሪያዎቹ 22.5 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 38 በመቶ ሞቱ። አብዛኛው ሞት የደረሰው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ነበር።

ያን ጊዜ የዓለም መመሪያ የሚለው ግን «ልጁ መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይታሰር» ነበር። ሕፃናቱ እየሞቱ ያሉት ደግሞ ሳይረጋጉ ነው። ነገሩ በሰፊው የተቀየረው የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3,200 በላይ ሕፃናት ላይ ያካሄደው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም ነው። ወዲያው የታሰሩት 12 በመቶ፣ ከተረጋጉ በኋላ የታሰሩት 15.7 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ ግልጽ በመሆኑ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲስ መመሪያ ልጁ ከተወለደ ወዲያው፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታሰር ይመክራል። አዲስ አበባ ላይ የታየው ለዓለም መመሪያ እስኪሆን ወደ 20 ዓመት ፈጀ።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፈው፣ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ አገጩ ደረቱን እንዳይጫን ትንሽ ቀና ብሎ። ከዚያ በመቀነት ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ይታሰራል፤ በላዩ ጋቢ ይደረባል። እናት ስትደክም አባት ወይም አያት ይተካሉ። አባት ልብሱን ከፍቶ ጨቅላ ማሰሩ መጀመሪያ ቢያሳፍርም፣ ሌላው አባት ሲያደርገው ያየ ይለምደዋል። ይሁንና አልጋ የሌላት፣ ቀን ሙሉ በር ላይ ቆማ «የእንትና እናት» ተብላ እስክትጠራ የምትጠብቅ አራስ ልጇን 20 ሰዓት ልታስር አትችልም። ካንጋሮ ያለ ወጪ የሚሠራ ይመስላል፤ የእናት አልጋ፣ የእናት ምግብና መጸዳጃ ግን ያስፈልጉታል።

ወተትና እጅ

በሁለተኛው ቀን ትንፋሹ የተሻለው ልጅ በሦስተኛውና በአራተኛው ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለው ጠላት ኢንፌክሽን ነው። ትንሽ ልጅ ከእናቱ የሚተላለፍለትን በሽታ መከላከያ የሚያገኘው በእርግዝናው መጨረሻ ስለሆነ ባዶ እጁን ይመጣል። ቆዳው ስስ ነው፤ በደም ሥሩ መርፌ፣ በአፍንጫው ቱቦ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተሳተፈበት በአፍሪካና በእስያ ሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት ክሌብሲዬላ የተባለው ባክቴሪያ በጨቅላ ክፍሎች ግንባር ቀደሙ እንደሆነና ብዙዎቹን የተለመዱ አንቲባዮቲኮች እንደለመደ አሳይቷል። ይህ ባክቴሪያ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ውኃ በሚቋረጥበት ክፍል እጅ መታጠብ ከመድኃኒት ያልተናነሰ ትርጉም አለው።

ሌላው መከላከያ የእናት ወተት ነው፤ በተለይ እንገሩ። መጥባት ያልቻለ ልጅ በአፍንጫው እስከ ጨጓራው በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይመገባል። እናት ወተቷን በእጇ ወደ ንጹሕ ኩባያ ታልባለች፤ ነርስ ወይም ራሷ በሲሪንጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር ትስብና ሲሪንጁን ከፍ አድርጋ በራሱ እንዲወርድ ትተወዋለች። በየሁለት ወይም ሦስት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌትም። በመጀመሪያው ቀን ከሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ብቻ ሲወጣላት ብዙዋ እናት ወተት የለኝም ብላ ታለቅሳለች፤ ለዚያ ቀን ለልጁ የሚበቃው ግን ያው ነው። ቤት ውስጥ ቢሆን ይህን ክፍተት የሚሞላው ቅቤ ማላስ ወይም ስኳር ውኃ ነበር። ላልበሰለ አንጀት ሁለቱም አደጋ ናቸው።

ከእርግዝናው በፊት የጀመረው

በጨቅላ ክፍል የተጻፈው ካርድ ላይ የእናት ታሪክ አብሮ ይጻፋል፤ ማንበብ ለሚችል ብዙ ይናገራል። ቅድመ ወሊድ ክትትል አላደረገችም። መንታ ነው። ደም ፈሷታል። ግፊቷ ከፍ ብሏል። የቀድሞ ልጇ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። እነዚህ ሁሉ ልጁ ትንሽ ሆኖ የመወለዱንም፣ ከተወለደ በኋላ የመሞቱንም ዕድል ያሰፋሉ።

በሰሜን ጎንደር ሌሎችም ይጨመራሉ። ከሊማሊሞ ሥር ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ የወባ አገር ነው። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተደብቆ ለፅንሱ የሚሄደውን ምግብ ይሻማል፤ በአጎበር ውስጥ መተኛትና ትኩሳት ሲጀምር ቶሎ መመርመር የልጁን ግራም ይጨምራል ማለት ነው። በደጋው ደግሞ ሥራው ይከብዳል። እንስራ አዝሎ ዳገት መውጣት፣ እንጨት መሸከም እስከ ምጥ ቀን አይቆምም። ቤተ ክርስቲያን ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ጾምን ብታቀልም ብዙዎች ይጾማሉ። ያለ ዕድሜ ጋብቻም አለ። በ2008ቱ ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ግማሾቹ የተዳሩት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። ራሷ ማደጓን ያልጨረሰች ልጅ ከፅንሷ ጋር ምግብ ትሻማለች።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. አዲ አርቃይን ጨምሮ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች የውጊያ ቀጣና ሆኑ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ ሪፈር የተጻፈላት እናት ወረቀቷን ይዛ ትቀመጣለች።

አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት

ሌላ ቦታ ተወልደው የሚመጡ ጨቅላዎች እዚያው ሆስፒታል ከተወለዱት በባሰ ሁኔታ መድረሳቸው በየትም አገር የሚታይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማጓጓዣ ማኅፀን ነው። ምጧ ቀድሞ የመጣባት እናት ሳትወልድ ከተላከች፣ ልጁ በተዘጋጀ ክፍል ይወለዳል። በጤና ጣቢያዎች ግቢ ያሉት የእናቶች ማቆያዎች ሩቅ ቀበሌ ላለች፣ በተለይ መንታ ለያዘች ወይም ከዚህ በፊት ያለ ቀኗ ለወለደች ሴት የተሠሩ ናቸው።

ልጁ ከተወለደ ደግሞ ከአዲ አርቃይ እስከ ጎንደር የሚያሞቀው ኢንኩቤተር በአምቡላንስ ውስጥ የለም። ያለው የእናት ደረት ነው። እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ወይም ራሷን ስታ ካልሆነ በቀር ልጁን አስራ መጓዝ ትችላለች፤ እሷ ካልቻለች አብሯት የሚሄደው ባሏ ወይም እናቷ ያስራሉ። ከመነሣታቸው በፊት ሙቀቱ ይለካል፤ ከ36.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይሞቃል። የታለበ ወተት ይሰጠዋል። ቫይታሚን ኬ ይወጋል። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መጠን እዚያው ይሰጣል። ወደ ጎንደር ይደወላል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ሰዓት፣ ክብደቱ፣ የእርግዝናው ሳምንት፣ እናቲቱ ዴክሳሜታሶን ስንት ጊዜ እንደተወጋች፣ ልጁ ሲወለድ አልቅሶ እንደሆነና የመጨረሻ ሙቀቱ ይጻፋል። ይህን ወረቀት የምትቀበለው ነርስ በአንድ ደቂቃ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። «ሕፃን ለተሻለ ሕክምና» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ግን ከዜሮ ያስጀምራታል።

ከተረፉ በኋላ

ክፍሉ ውስጥ መቆየቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ እስከ አንድ አስረኛ የሚሆን ክብደቱን ያጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ልደቱ ክብደት ይመለሳል። ይህን ያልተነገረው ቤተሰብ መድኃኒቱ ገደለው ብሎ ይደነግጣል። ቤት ሌሎች ልጆች አሉ፣ አዝመራ ደርሷል፣ ከተማ ውስጥ ማደሪያና ምግብ በየቀኑ ገንዘብ ይበላል። ሕክምናው ቢሸፈን እንኳ ይህ አይሸፈንም። በራሳቸው ፈቃድ ፈርመው የሚወጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጁ ገና በቱቦ እየተመገበ ሳለ የወጣ ከሆነ ደግሞ አደጋው ከፍተኛ ነው።

በደንቡ የሚወጣ ልጅ ጡት ወይም ኩባያ ይዞ በራሱ የሚመገብ፣ ለተከታታይ ቀናት ክብደት የጨመረ፣ ያለ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚጠብቅና ትንፋሹ የማይቋረጥ መሆን አለበት። ካንጋሮው ቤትም ይቀጥላል፤ ልጁ ራሱ እየተንፈራገጠ አልታሰርም እስኪል ድረስ። ከ1,500 ግራም በታች የተወለዱት ከተወለዱ በአራተኛው ሳምንት ግድም ዓይናቸው መታየት ይኖርበታል፤ ያልበሰለ ሬቲና ላይ ኦክስጅን ሲበዛ የደም ሥሮቹ ያለ ቅጥ አድገው ዓይነ ስውር ሊያደርጉ ስለሚችሉ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። የደም ማነስ እንዳይመጣ የብረት ጠብታ፣ አጥንቱ እንዲጠና ቫይታሚን ዲ ይታዘዛል። መስማቱና ዕድገቱ በቀጠሮ ይታያል።

የጤና ሚኒስቴር ሁለተኛው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የጨቅላዎችን ሞት ከ1,000ው 33 ወደ 21 ለማውረድ አስቦ ነበር፤ ዓለም እ.ኤ.አ. ለ2030 የያዘው ግብ ደግሞ 12 ነው። ከነዚህ ቁጥሮች ማዶ ግን ከሆስፒታል ወጥቶ ቀበሌው የገባን ልጅ በሳምንቱ ቤቱ ሄዳ የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የምትጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ ይጠባል? ይሞቃል? ፈጥኖ ይተነፍሳል? ከሦስቱ በአንዱ ላይ መልሱ ካላማራት ወደ ጤና ጣቢያ መመለሱን ለነገ አታሳድረውም።